በየብስ ተጕዘው ሐይቅ የገቡ መርከቦች

መርከብ ሲባል ለሁላችንም አስቀድሞ የሚታሰበን ባሕር ነው። ከአንዱ የባሕር ወደብ ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ታላቅ የብረት ቤት ይመስለናል። ነገር ግን በአፍሪቃ ምድር መካከል፥ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፥ በባሕር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይንሳፈፉ ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙ መርከቦች አሉ። እነዚህም የሐይቅ መርከቦች ናቸው። እንዴት አድርገው እዚያ ደረሱ? ማን ሠራቸው? ሲያረጁስ ማን ይተካቸዋል? እኔ በጣና ዳር ያደግሁ ተማሪ ስለ ሆንሁ ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አሁንም ያገኘሁትን መልስ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ አስቤአለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ታላላቆቹ ሐይቆች ውኃቸውን ወደ ባሕር የሚያወርድ ወንዝ አላቸው፤ ስለዚህ «መርከቡ ወንዙን ተከትሎ ቢወጣ ምን ይከለክለዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚከለክለው ፏፏቴ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣውም ዓባይ ብዙ ሳይርቅ በጢስ ዓባይ ገደል ይወረወራል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ነጭ ዓባይ በመርቺሰን ፏፏቴ ይቋረጣል። ከማላዊ ሐይቅ የሚወጣው የሺሬ ወንዝ ብዙ ኪሎ ሜትር ሙሉ በዓለት ላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። የታንጋኒካም ውኃ በሉኩጋ ወንዝ በኩል ወደ ኮንጎ ይገባል፤ ኮንጎ ግን ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከመድረሱ በፊት ተደራራቢ ፏፏቴ አለበት። እንግዲህ እነዚህ ሐይቆች በራቸው እንደ ጠበበ ቤት ናቸው። በበር የማያልፍ ዕቃ ደግሞ ወይ ተፈታቶ ይገባል፥ ወይ እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከዚህ የተለየ መንገድ በጣም ጥቂት ነው።

እዚያው መሥራት ከሁሉ የቀደመ መንገድ ነው። ለዚህም የጣና ታንኳ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፥ በፀሐይ ይደርቃል፥ ከዚያም በነዶ በነዶ ሆኖ በገመድ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በውስጡም ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብበታል፤ ይኸውም ሰውና ጭነት ከውኃው ከፍ እንዲል ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለበትም። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳ የሚንሳፈፈው እንደ ብረት መርከብ ውኃ እንዳይገባበት ስለ ተዘጋ አይደለም፤ የደንገሉ አገዳ ውስጡ ሰፍነግ መሳይ ሆኖ አየር ስለ ያዘ ነው። ስለዚህ ማዕበል ቢረጨው ወዲያው አይሰጥምም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፥ ይበሰብሳልም፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በአዲስ መለወጥ አለበት። ባለ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ በዳር አቁሞ የሚያደርቀውም ስለዚሁ ነው።

ዕድሜው ያጠረ ቢሆንም ታንኳ አንድ ታላቅ በጎነት አለው። ሠሪው፥ ጠጋኙና መሥሪያው ደንገል ሁሉም በሐይቁ ዳር ይገኛሉ። አሮጌው ሲያልቅ አዲሱን ለማግኘት ከሩቅ አገር ምንም አይጠበቅም። አንባቢዎች ይህን ነገር በልባቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከታንኳ የሚበልጥ መርከብ በጣና ላይ ለማንሳፈፍ የተደረገው ሙከራም አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 በሐይቁ ዳር በቆራጣ አጠገብ ሳሉ፥ የእንፋሎት መርከብን መልክ የሚመስሉ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ማሠራታቸውን እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። በጀልባዎቹ ውስጥ የእንፋሎት ሞተር አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በሐይቅ ላይ የሚሄድ መርከብ ምን ያህል ኀይል እንደሚሰጥ ማስተዋላቸውን ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ ፈታትቶ ማስገባት ነው። ይህ በብዙ ሐይቆች ላይ ተሠርቶበታል፤ ከቀደሙትም አንዷ ወደ ማላዊ ሐይቅ የገባችው «ኢላላ» የተባለች ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ናት። ኢላላ፥ ዴቪድ ሊቪንግስተን የሞተበት አገር ስም ነው። መርከቢቱ በእንግሊዝ አገር ተሠርታ በባሕር መጣች፤ ከዚያም በሺሬ ወንዝ ሽቅብ ወጥታ ፏፏቴው ሲያግዳት ተፈታች። ብዙ መቶ የአገሩ ተሸካሚዎች ብረቱን እየተከፋፈሉ በትከሻቸው አሻገሩት። ከፏፏቴው በላይ እንደ ገና ተገጣጥማ በጥቅምት ወር 1875 ሐይቁ ላይ ገባች። በዚሁ ሐይቅ ላይ በ1901 የተንሳፈፈችው «ቾንሲ ሜፕልስ» ደግሞ ከዚያ ትበልጥ ነበር። ከስኮትላንድ የመጣችው በ3,481 ጥቅል ተከፋፍላ ነው። የእንፋሎቱን ጋን ግን መከፋፈል ስላልተቻለ በጋሪ ላይ ተጭኖ 450 የንጎኒ ሰዎች በገመድ እየጐተቱ በጫካ ውስጥ አመጡት።

እዚህ ላይ የመፈታታቱ ሥራ እንዴት እንደሚደረግ ልግለጽ። መርከቢቱ በመጀመሪያ በፋብሪካው ግቢ እንዳለች ትቆማለች፤ ነገር ግን የብረቱ ላሜራዎች ለጊዜው በብሎን ብቻ ይያያዛሉ። ሁሉም ልክ ለልክ መግጠሙ ከታየ በኋላ በእያንዳንዱ ላሜራና ማገር ላይ ቍጥር ይጻፍበታል። ከዚያም ብሎኑ ይፈታል፥ ዕቃው በሣጥን ይታሸጋል፥ በባሕር መርከብ ይጫናል። በሐይቁ ዳር የሚቀበሉት ሠራተኞች ቍጥሩን እየተከተሉ እንደ ገና ያቆሟታል። አሁን ግን ብሎን አይበቃም። በእሳት የጋለ የብረት ችንካር ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ይገባና በሁለት ወገን በመዶሻ ይደቀደቃል። ችንካሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ሁለቱን ላሜራ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ውኃም አያሳልፍም። ስለዚህ የሐይቅ መርከብ ሁለት ጊዜ ትሠራለች ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በተወለደችበት አገር፥ አንድ ጊዜ በምትኖርበት።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሠራችው «ዊልያም ማኪኖን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ በዚሁ መንገድ ከስኮትላንድ መጥታ በ1900 በኪሱሙ ዳር ተንሳፈፈች። ከሞምባሳ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ኪሱሙ የደረሰው በ1901 ስለ ሆነ መርከቢቱ ባቡሩን ቀድማ ገባች፤ ብዙው ብረትም በሰው ትከሻ ተጓዘ። ሐዲዱ ከደረሰ በኋላ ሥራው ቀለለ፥ መርከቦቹም እየበዙና እያደጉ ሄዱ። በ1961 አገልግሎት የጀመረችው «ቪክቶሪያ» እንኳ በስኮትላንድ ተሠርታ፥ ተፈታታና ታሽጋ መጥታ በኪሱሙ ነው የተገጣጠመችው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን በታንጋኒካ ሐይቅ የነበረችው «ሊየምባ» ታሪክ ነው። ይህች መርከብ በ1913 በጀርመን አገር በፓፔንቡርግ ከተማ ተሠራች፤ የመጀመሪያ ስሟም «ግራፍ ፎን ጎትሰን» ነበር። ርዝመቷ 70 ሜትር ያህል ነው። በ5,000 ሣጥን ተከፍላ በባሕር ወደ ዳሬ ሰላም፥ ከዚያም በባቡር 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ ኪጎማ ደረሰች፤ በየካቲት ወር 1915 ተንሳፈፈች። ከፋብሪካው ሦስት ጀርመናውያን መርከብ ሠሪዎች አብረዋት መጥተው ነበር። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና ጀርመኖች ከኪጎማ ሲለቁ፥ ጠላት እንዳይጠቀምባት በሐምሌ ወር 1916 በገዛ እጃቸው አሰጠሟት። ይሁን እንጂ መርከብ ሠሪዎቹ ከመስጠሟ በፊት ሞተሯን ሁሉ በወፍራም ቅባት ለበጡት። እንግሊዞች በ1924 ከሐይቁ ወለል ባነሧት ጊዜ ጋኑና ሞተሩ ገና ለሥራ የሚበቁ ሆነው ተገኙ። በ1927 ሊየምባ ተብላ እንደ ገና ሥራ ጀመረች፤ ከዚያም ወዲህ ከ90 ዓመት በላይ መንገደኛና ጭነት ስታመላልስ ኖረች። በመካከሉ የእንፋሎቱ ሞተር ወጥቶ በናፍጣ ሞተር ተለውጧል።

ብረት መርከብ ይህን ያህል ዘመን መኖሩ እንዴት ነው? አንዱ ምክንያት ውኃው ራሱ ነው። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ብረትን ቶሎ ያዝገዋል፤ የሐይቅ ውኃ ግን ለብረት የዋህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሐይቅ ውኃ አንድ ጕድለት አለበት። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ አንድ ነገር የሚንሳፈፈው ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሚመዝን ውኃ ከቦታው ሲያስለቅቅ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፥ ጨው የሌለበት ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጭነት የያዘች መርከብ ከባሕር ይልቅ በሐይቅ ላይ ጠለቅ ብላ ትቀመጣለች። መርከብ ከጎኗ ላይ የጭነት መጠን የሚያሳይ መሥመር የሚቀባባት፥ ለጨው አልባ ውኃም የተለየ ምልክት የሚደረግላት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መሥመር በእንግሊዝ አገር በሕግ የታዘዘው ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል ከመጠን በላይ ስለሚጫኑ መርከቦች ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1876 ነው።

መሥመሩ ቀለም ብቻ ነው፤ ሰው ካላከበረው መርከቢቱን አያድናትም። ይህንም የሚያስረዱ ሁለት አሳዛኝ ነገሮች በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ደርሰዋል። «ቡኮባ» የተባለችው የታንዛኒያ መርከብ የተፈቀደላት 430 መንገደኛ ነበር። በግንቦት 21 ቀን 1996 ከቡኮባ ከተማ ወደ ምዋንዛ ስትሄድ በአንደኛና በሁለተኛ ማዕርግ ብቻ 443 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ዋጋው ርካሽ በሆነው በሦስተኛው ማዕርግ የተሳፈሩት ግን ስማቸው አልተመዘገበም። መርከቢቱ ወደ ምዋንዛ ስትቃረብ ተገልብጣ ሰጠመች፤ ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 20 ቀን 2018 ደግሞ ወደ ኡካራ ደሴት ትመላለስ የነበረችው «ኔሬሬ» የተባለች መርከብ ለ101 ሰው የተሠራች ስትሆን የገበያ መልስ ሕዝብ ጭና ከወደቡ ጥቂት አሥር ሜትር ሲቀራት ተገለበጠች። የሞቱት 228 ናቸው። ይኸውም ከተፈቀደላት የመንገደኛ ቍጥር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ሲጫን መርከብ የምትሰጥመው ስለ ከበደች ብቻ የሚመስለን ከሆነ ነገሩን ግማሽ ብቻ አውቀናል። ዋናው አደጋ መገልበጥ ነው። ታንኳ ላይ የተሳፈረ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ተቀምጦ ሳለ የረጋው ታንኳ ብድግ ሲል ይወዛወዝበታል። ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ሚዛን ይጠፋልና። ጭነቱ ከላይ የከበደ አህያ በዳገት እንደሚንገዳገድ ሁሉ፥ በላይኛው ወለል ሰው የሞላባት መርከብም እንዲሁ ትሆናለች። ጕዞው ሲያልቅ ሁሉም ለመውረድ ወደ አንድ ጎን ሲጋፋ፥ መርከቢቱ ወደዚያው ታዘነብላለች፤ ያዘነበለ ወለል ደግሞ የቀረውን ሰውና ዕቃ ወደዚያው ጎን ያንሸራትተዋል። ከዚያ በኋላ ለመመለስ ጊዜ የለም። ብዙ አደጋ በሐይቁ መካከል ሳይሆን በወደቡ አጠገብ የሚደርሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ «ሰዎቹ ለምን ተጋፉ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መንገደኛው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ደሴት ላይ የሚኖር ሰው ወደ ገበያ፥ ወደ ሐኪም፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገርበት ሌላ መንገድ የለውም። አንዷ መርከብ ከሄደች ሁለተኛዋ የምትመጣው ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ አይታወቅም፤ አንዷ ለጥገና ከቆመችም የሁለቱ መንገደኛ ሁሉ በአንዲቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የመርከብ እጥረትና የመርከብ አደጋ ወንድማማች ናቸው። እጥረቱ የሚወገደው ደግሞ መርከብን በሐይቁ ዳር የሚሠራና የሚጠግን ሰው ሲኖር ነው። ስለ ታንኳ በጎነት ያልሁትን አስታውሱ።

በዚህ ረገድ ዛሬ ከምዋንዛ የምንማረው አለ። በዚያች ከተማ ሶንጎሮ ማሪን የተባለ የታንዛኒያውያን ድርጅት በሐይቁ ዳር መርከብ ይሠራል፤ ከኔሬሬ አደጋ በኋላም ለኡካራ ሰዎች ከቀድሞዋ የምትሰፋ መርከብ እዚያው ምዋንዛ ላይ ተሠርታላቸዋለች። «ምዋንዛ» የተባለችውም 1,200 መንገደኛና 400 ቶን ጭነት እንድትይዝ የታሰበች ታላቅ መርከብ በደቡብ ኮርያ ድርጅቶችና በታንዛኒያ ሠራተኞች እዚያው ተሠርታ በየካቲት ወር 2023 ወደ ውኃው ወርዳለች። ዛሬ የጋለ ችንካር ቀርቶ ላሜራው በብየዳ ይያያዛል፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣው በአብዛኛው ጥሬው ላሜራ፥ ሞተሩና መሣሪያው ነው። የቀረውን የአገሩ በያጅ፥ መካኒክና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራዋል። ያች መርከብ ስትታመምም ሐኪሞቿ ቅርብ ናቸው ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ሐይቅ ልመለስ። በጣና ላይ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። የደቅ ደሴት ሰው እህሉንና ፍራፍሬውን፥ ሕመምተኛውንም ጭምር የሚያሻግረው በውኃ ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለውም የሐይቅ መንገድ ጥንታዊ ነው። በ2025 «ጣናነሽ 2» የተባለች፥ 38 ሜትር ርዝመት ያላትና 188 ሰው የምትይዝ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፥ ብዙ ጎማ ባለው ተሳቢ ላይ እንዳለች ተጭና፥ ዳገቱንና ቍልቍለቱን፥ ድልድዩንና ኩርባውን ቀስ እያለች በማለፍ ወደ ጣና መጣች። በየከተማው ሕዝብ ለማየት ይወጣ ነበር። ይህ ከላይ በጣም ጥቂት ነው ያልሁት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ሳይፈታቱ ማስገባት። የኢላላን ተሸካሚዎችና የሊየምባን 5,000 ሣጥን ላወቀ ሰው ግን ነገሩ ያው የጥንቱ ችግር መሆኑ ይገለጥለታል፤ ሐይቁ አሁንም በሩ ጠባብ ነው።

አንድ ጀልባ በዚህ ድካም ከገባች በኋላ እንድትኖር ሦስት ነገር ያስፈልጋታል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው በየጊዜው ከውኃ ወጥታ ታችዋ የሚታይበትና የሚጠገንበት ቦታ ነው። ሁለተኛው የተጠረገ ውኃ ነው፤ ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ በሞተር ማዞሪያው ላይ እየተጠመጠመ ጀልባን ያስቆማል፥ ወደቡንም ይዘጋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሙያ ያለው ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ገንዘብ ሊያመጣቸው ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ከእኛ መካከል ካልተነሣ ከየትም አይመጣም።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የምለው ይህ ነው፤ ብየዳን፥ የናፍጣ ሞተርን፥ የመርከብ ንድፍን መማር ባሕር ላላቸው አገሮች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይምሰላችሁ። ደንገል አስሮ ታንኳ ማቆም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ባሉበት ሐይቅ ዳር ብረት በይዶ መርከብ የሚያቆም ወጣት ሊገኝ ይገባል። መምህሮቻችንንም የመንሳፈፍን ሕግ ሲያስተምሩን ከመጽሐፉ ሌላ ወደ ሐይቁ ዳር ቢወስዱን መልካም ነው እላለሁ። ወላጆች ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ጀልባ ሲሳፈሩ፥ ስንት ሰው እንደሚፈቀድ ይጠይቁ፤ ቍጥሩ ሞልቶ እንደ ሆነም የሚቀጥለውን ይጠብቁ። መጠበቅ ግማሽ ቀን ያስቀር ይሆናል፤ በቡኮባና በኔሬሬ ላይ የተሳፈሩት ግን ግማሽ ቀን ለማትረፍ ሲሉ የከፈሉት ዋጋ ምን እንደ ነበረ አይተናል።